ከአሳ ቆዳ እስከ ፊት ክሬም፦ "ማሪን ኮላጅን" ምንድነው፣ ምንስ ይሰራል?

ሀዋሳ አሞራ ገደል ሄዶ የሚያውቅ ሰው ትዕይንቱን አይረሳውም። አስጋሪዎቹ ጀልባ ያስጠጋሉ፣ ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ በቢላ ሲሞልጩት አይን አይከተላቸውም፣ ስጋው ለለብለብና ለጉላሽ ይሄዳል፣ ቆዳው ጭንቅላቱ አጥንቱ ምናምኑ ደግሞ ዳር ላይ እንደ ሽማግሌ ቆመው ለሚጠብቁት አባ ኮዳ ለሚባሉት ትልልቅ ወፎች ይወረወራል። ከአንድ ቆሮሶ ንጹህ ስጋ ሆኖ የሚወጣው ከክብደቱ አንድ ሶስተኛ ገደማ ነው፣ የቀረው ሁለት እጅ ትርፍራፊ ነው። ይሄ ትርፍራፊ ነው እንግዲህ ሌላ አገር ፋብሪካ ገብቶ ሲወጣ "ማሪን ኮላጅን" ተብሎ በትንሽ ብልቃጥ ኮስሞቲክስ ቤት የሚደረደረው።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ከዱባይ የመጣላት ክሬም ነው፣ ክዳኑ ላይ የአሳ ስዕል አለው፣ ጥያቄዋ ሁለት ነበር፦ "ይሄ ነገር አሳ አሳ ይሸታል እንዴ? ደሞ እውነት የፊት መሸብሸብ ያጠፋል?" የመጀመሪያው ቀላል ነው፣ ሁለተኛው ግን በአንድ ቮይስ የሚያልቅ አይደለም፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ከስሙ እንጀምር። ኮላ ታውቃላችሁ አይደል፣ ወረቀትና ጫማ የምንለጥፍበት። ቃሉን የወሰድነው ከጣሊያንኛ ነው፣ ጣሊያንኛው ደግሞ ከግሪክ የመጣ ነው፣ ማጣበቂያ ማለት ነው። ኮላጅንም ከዚሁ ስር ነው የወጣው፣ "ኮላ የሚሰጥ" እንደማለት፣ ምክንያቱም ድሮ ማጣበቂያ የሚሰራው የከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ ነበር። ቤታችሁም አይታችሁታል እኮ። ቅቅል ሰርታችሁ የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ ብታሳድሩት ጠዋት መረቁ ረግቶ እንደ ጄሊ ይንቀጠቀጣል። ላዩ ላይ ያለው ነጩ ስብ ነው፣ ከስሩ የሚንቀጠቀጠው ግን ስብ አይደለም፣ ከአጥንቱና ከጅማቱ የወጣ ኮላጅን ነው፣ እሳቱ ፈትቶት ጄላቲን ሆኖ። የቅቅል መረቅ ጠጥታችሁ ከንፈራችሁ እርስ በርሱ የሚጣበቀውም በሱ ነው።

ኮላጅን ፕሮቲን ነው፣ ሰውነታችን ውስጥ ካለው ፕሮቲን ሁሉ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋው እሱ ነው። አሰራሩን ለመረዳት ሹሩባ አስቡ፣ ሶስት ረጃጅም ክሮች ተጎንጉነው አንድ ጠንካራ ገመድ ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ክር ላይ ከሶስት አሚኖ አሲድ አንዱ ግላይሲን ነው፣ ከሁሉም ትንሿ እሷ ስለሆነች ጉንጉኑ መሀል ጠባቡ ቦታ ላይ መግባት የምትችለው እሷ ብቻ ናት። ጉንጉኑ እንዳይላላ የሚያጠብቀው ደግሞ ሃይድሮክሲፕሮሊን የሚባል ነው፣ እሱን ለመስራት ሰውነት የግድ ቫይታሚን ሲ ይፈልጋል። ድሮ ወራት ሙሉ ባህር ላይ የሚቆዩ መርከበኞች ድዳቸው የሚደማው፣ የዳነ ቁስላቸው ራሱ ተመልሶ የሚከፈተው ለዚህ ነበር፣ ፍራፍሬና አትክልት ስላልቀመሱ አዲሱ ሹሩባ ሳይጠብቅ ይቀራል።

ይሄ ሹሩባ በሶስት መልኩ ነው ገበያ ላይ ያለው፣ እሱን ያዙልኝ ምክንያቱም የኋላው ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። ሙሉው፣ ያልተፈታው ጉንጉን አለ፣ እሱ ወደ 300,000 ዳልተን ይመዝናል (ዳልተን የሞለኪውል ኪሎ በሉት፣ የሃይድሮጅን አንዷ አቶም አንድ ዳልተን ገደማ ናት)። ጉንጉኑ በሙቀት ሲፈታ ጄላቲን ይባላል። የተፈታው ጸጉር ደግሞ በመቀስ ሲቆራረጥ ሃይድሮላይዝድ ኮላጅን፣ ወይ ኮላጅን ፔፕታይድ፣ ብዙ ጊዜ ከ2,000 እስከ 10,000 ዳልተን ያለች ቁራጭ ናት። ክሬምና ሴረም ላይ በብዛት የሚገባው ይሄ ሶስተኛው ነው።

እሺ፣ ለምን አሳ? የላም ቆዳ መች ጠፋና?

ዋናው ምክንያት የመጣው በድንጋጤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የእንግሊዝ መንግስት የእብድ ላም በሽታ ወደ ሰው ሳይተላለፍ አልቀረም ብሎ ሲያሳውቅ አውሮፓ ውስጥ ከከብት የሚወጣ ነገር ሁሉ በጥርጣሬ መታየት ጀመረ፣ ስጋው ብቻ ሳይሆን ጄላቲኑም የኮስሞቲክስ ግብዓቱም። የአሳማው ደግሞ ለሙስሊሙም ለአይሁዱም ለኛ ለኦርቶዶክሱም አይሆንም። አሳ ሁለቱንም ችግር አለፈ። በዛ ላይ ጥሬ እቃው ሞልቷል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 አለም ላይ ከባህር፣ ከሀይቅና ከእርባታ የተገኘው አሳና ሌላ የውሃ እንስሳ 185 ሚሊዮን ቶን ደርሷል፣ ከዚህ ላይ ፊሌ ተቆርጦ የሚቀረውን ትርፍራፊ አስሉት።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ትንንሽ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አንደኛ "ማሪን" ማለት "የባህር" ማለት ቢሆንም በዚህ ስም ከሚሸጠው ውስጥ ብዙው ከቲላፒያ (የኛ ቆሮሶ) እና ከፓንጋሲየስ ነው፣ ሁለቱም ባብዛኛው በወንዝ ውሃና በኩሬ የሚረቡ ናቸው፣ ጥልቅ ሰማያዊ ባህር የሚታየው ስዕሉ ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛ "አሳ ነው" ስለተባለ ብቻ ለሁሉም ሰው አይሆንም። ፓንጋሲየስ የአምባዛ ዘመድ ነው፣ ቅርፊት የለውም፣ ቬትናም ውስጥ በብዛት ይረባል ከቆዳውም ኮላጅን ይወጣል። ኦሪት ዘሌዋውያን "ክንፍና ቅርፊት ያለው" የሚለውን ይዞ አምባዛ የማይበላ ሰው ወይ ኮሸር (የአይሁድን የምግብ ህግ) የሚጠብቅ ሰው፣ በተለይ የሚጠጣውን ኮላጅን ከሆነ የሚገዛው፣ የየትኛው አሳ ነው ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። እቃው ላይ ካልተጻፈ ብዙ ጊዜ ሻጩም አያውቀውም።

በዚህ ነገር በጣም የሚገርሙኝ አይስላንዶች ናቸው። ህዝባቸው 400,000 አይሞላም፣ ዋናው አሳቸው ኮድ የሚባለው የቀዝቃዛ ባህር አሳ ነው፣ የሚያጠምዱት ደግሞ በኮታ ነው። ኮታ ማለት ብዙ አሳ በማውጣት ብቻ ሀብታም መሆን አትችልም፣ ካወጣኸው አንድ አሳ ላይ ነው ብር መጭመቅ ያለብህ። ስለዚህ ጭንቅላቱን አድርቀው ለናይጄሪያ ገበያ ይልካሉ፣ ጉበቱን ዘይት ያደርጉታል፣ ቆዳውን ኮላጅን፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ ከኮዱ 90 በመቶውን እንጠቀማለን ይላሉ።

አሰራሩ ከቅቅሉ ብዙም አይርቅም፣ ጥንቃቄው ነው የሚበዛው። ቆዳው ታጥቦ ይቆራረጣል፣ ከዛ በቀጠነ ኮስቲክ ሶዳ ይነከራል፣ ይሄ ኮላጅን ያልሆነውን ፕሮቲንና ቀለሙን ያወጣለታል። ስቡ በአልኮል ይታጠባል። ቅርፊትና አጥንት ከሆነ ካልሲየም ስላለበት መጀመሪያ እሱን አሟሙቶ ማስወገድ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ዋናው ስራ፣ አሴቲክ አሲድ ውስጥ ይገባል፣ አቼቶን አቼቶ ያሰኘው አሲድ ማለት ነው፣ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለቀናት ይቆያል፣ ቆዳው ያብጣል፣ ኮላጅኑ ቀስ እያለ ወደ ፈሳሹ ይወጣል። የበለጠ እንዲወጣ ከተፈለገ ፔፕሲን ይጨመርበታል፣ የራሳችን ጨጓራ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ነው፣ የገመዱን ጫፍና ጫፍ ቆርጦ መሀሉን ሳይፈታው ይለቀዋል። ከዛ ጨው ሲበዛበት ኮላጅኑ ለብቻው ይሰበሰባል፣ ይጣራል፣ ቀዝቅዞ ይደርቃል፣ መጨረሻ ላይ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ነጭ፣ ቀላል፣ ጥጥ የሚመስል ነገር ነው። ሃይድሮላይዝድ የሚባለው ግን ይሄ ሁሉ ለስለስ ያለ አያያዝ አያስፈልገውም፣ በሙቀት ጄላቲን ይደረግና በኢንዛይም ይቆራረጣል፣ ከፓፓያ የሚወጣው ፓፓይን ራሱ ለዚህ ይሆናል (ጠንካራ ስጋ በፓፓያ የሚያለሰልስ ሰው ይሄንን ያውቃል)፣ ከዛ ተጣርቶ ደርቆ ዱቄት ይሆናል።

የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያ ጥያቄ እዚህ ጋ ይመለሳል። የአሳ ሽታ የሚመጣው ትራይሜቲላሚን ከሚባል ነገርና አየር ካበላሸው የአሳ ስብ ነው፣ ከኮላጅኑ ከራሱ አይደለም። ቆዳው ትኩስ ከነበረ፣ ስቡ በደንብ ከወጣ፣ በመጨረሻ ደግሞ በከሰል ማጣሪያ ካለፈ አይሸትም። የሚሸት ክሬም ከያዛችሁ ወይ በደንብ አልተጣራም ወይ ተበላሽቷል፣ "ኦሪጅናል ስለሆነ ነው" ለሚላችሁ ጆሮ አትስጡ።

ለምን 4 ዲግሪ ላይ ተባለ? ይሄ ነገር በጣም ደስ ይለኛል። የአሳ ኮላጅን አሳው የሚኖርበትን ውሃ ይመስላል። የቀዝቃዛ ባህር አሳ ሃይድሮክሲፕሮሊኑ ትንሽ ስለሆነ ጉንጉኑ ላላ ያለ ነው፣ የኮድ ኮላጅን 15 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈታል። የኛ ቆሮሶ ሙቅ ውሃ ስለሚወድ የሱ እስከ 30ዎቹ ይቋቋማል፣ የላም ወደ 40 ይጠጋል። እንግዲህ የፊታችን ቆዳ ላይኛው ሙቀት ወደ 32 ዲግሪ ነው። ስለዚህ "ሳይፈታ በተፈጥሮ ቅርጹ ያለ የቀዝቃዛ ባህር አሳ ኮላጅን" ተብሎ በውድ የተሸጠላችሁ ነገር ድሬዳዋ መደርደሪያ ላይ ከቆየ እዛው ተፈቷል፣ እዛ ካልተፈታም ፊታችሁ ላይ ይፈታል። መጥፎ ሆነ ማለት አይደለም፣ ጄላቲን ሆነ ማለት ነው፣ ግን የከፈላችሁት ለጄላቲን አልነበረም።

እኛ ጋ ቢሰራስ የሚል ሰው መቼም አይጠፋም፣ እኔም አስቤዋለሁ። ቆሮሶ ማለት አለም "ናይል ቲላፒያ" የሚለው አሳ ነው፣ ቻይናም ኢንዶኔዢያም ግብጽም ብራዚልም የሚያረባው እሱን ነው፣ ስሙ ራሱ ከአባይ ነው የወጣው፣ ስለዚህ ጥሬ እቃው አይናችን ስር ነው። ግን ችግሩ ላብራቶሪ ማጣት ሳይሆን በረዶ ማጣት ነው። የአሳ ቆዳ በሙቀት በሰአታት ውስጥ መበላሸት ይጀምራል፣ ባክቴሪያውም የአሳው የራሱ ኢንዛይምም ኮላጅኑን ይበሉታል፣ ስቡ ይሻግታል። ሀዋሳ ትንሽ ቆዳ፣ ባቱ ትንሽ፣ አርባ ምንጭ ትንሽ፣ ባህር ዳር ትንሽ፣ ሁሉም በየራሱ ሰአት በየራሱ ቢላ የሚገፈፍ፣ እሱን በቅዝቃዜ ሰብስቦ አንድ ቦታ ማድረስ ነው ዋናው ወጪ። ከዛ ደግሞ ኮስሞቲክስ ገዢ ሲመጣ ሊድ፣ ሜርኩሪ፣ አርሴኒክ ተመርምሯል ወይ ይላል፣ በየጊዜው አንድ አይነት ጥራት ይፈልጋል። አሳውም ራሱ በብዛት እየተጠመደ ሀይቆቹ ላይ ጫና እንዳለ ይታወቃል፣ ለቆዳው ተብሎ ተጨማሪ አሳ ማጥመድ ከተጀመረ ነገሩ ሁሉ ትርጉም ያጣል። እኔ ብሆን ከሴረም አልጀምርም፣ ከበረዶ ማምረቻና ከማቀዝቀዣ ሳጥን ነው የምጀምረው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ፊት ላይ ሲቀባ ምን ይሆናል?

የቆዳችን የላይኛው ንጣፍ የሞቱ ሴሎች ድርድር ነው፣ እንደ ብሎኬት ተደርድረው መሀላቸው ስብ እንደ ሲሚንቶ ገብቶበታል። ስራው ማስገባት ሳይሆን መከልከል ነው፣ ውሃ ከውስጥ እንዳይወጣ፣ ባእድ ነገር ከውጭ እንዳይገባ። ኮላጅናችን ያለው ግን ከዚህ ግንብ ስር፣ ዴርሚስ የሚባለው ወፍራም ክፍል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት የሆላንድ ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ነገር አስተዋሉ፣ በቆዳ ላይ ተቀብተው የሚሰሩ መድሃኒቶችና ሲነኩ አለርጂ የሚያመጡ ነገሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከ500 ዳልተን በታች ናቸው። ከዛ ወዲህ ነገሩ "የ500 ዳልተን ህግ" ይባላል። ጠጣር ህግ አይደለም፣ ግን እንደ ወንፊት ቀዳዳ አስቡት። ሙሉው ኮላጅን 300,000 ነው፣ የቀዳዳውን 600 እጥፍ ማለት ነው። በደንብ የተቆራረጠው 2,000 ቢሆን እንኳን አራት እጥፍ ነው። አያልፍም ወይ በጣም ትንሽ ያልፋል።

ቢያልፍስ? ቢያልፍም እዛ ሄዶ የናንተ ኮላጅን አይሆንም። ኮላጅን የሚጎነጎነው ቆዳ ውስጥ ባሉ ፋይብሮብላስት በሚባሉ ሴሎች ነው፣ ክሩን ራሳቸው ፈትለው ራሳቸው ይጎነጉኑታል። ከውጭ የመጣ ቁራጭ እዛ ሄዶ አይሰካም። የተቆረጠ ጸጉር ጭንቅላታችሁ ላይ ብትበትኑ ሹሩባ እንደማይሆነው ማለት ነው።

ኮላጅን ቆዳ ውስጥ ማስገባት ሲያስፈልግ እኮ መርፌ ነበር የሚጠቀሙት። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ የከብት ኮላጅን በመርፌ መሸብሸብ እንዲሞላ ተፈቅዶ ነበር፣ መጀመሪያ ክንድ ላይ የአለርጂ ሙከራ ይደረጋል፣ ከዛ ይወጋል፣ ፊቱ ይሞላል፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሰውነት በልቶ ይጨርሰዋል። ቀጥታ ውስጥ ገብቶ እንኳን ወራት ብቻ ነው የቆየው፣ እንግዲህ ላይ ላይ የተቀባው...

ግን ክሬሙ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ያጋንናል። ኮላጅን ውሃ የመያዝ ጉልበት አለው፣ ቅቅሉ ላይ እንዳያችሁት ያ ሁሉ መረቅ በትንሽ ጄላቲን ነው የረጋው። ፊት ላይ ሲቀባ ስስ ፊልም ይሰራል፣ ውሃ ይዞ ይቀመጣል፣ ከስሩ ያለው ውሃ ቶሎ እንዳይተን ያግዛል። ቆዳው ውሃ ሲጠግብ ትንሽ ያብጣል፣ ከድርቀት የመጡ ጥቃቅን መስመሮች ይጠፋሉ፣ ፊልሙ ሲደርቅ ደግሞ ወጠር የሚል ስሜት ይሰጣል። ማስክ አድርጋችሁ ስታነሱት መስታወት ላይ የምታዩት ለውጥ እውነት ነው። ማታ ፊታችሁን ስትታጠቡ ግን አብሮ ይታጠባል። ጥሩ ሞይስቸራይዘር ነው ባጭሩ፣ እንደ ጥሩ ሞይስቸራይዘር ከተሸጠ ምንም ጸብ የለኝም። ጸቤ ዋጋው ላይ ነው። ግሊሰሪን የምትባለዋ፣ እናቶቻችን በውሃ አቅጥነው የሚቀቧት፣ 92 ዳልተን ብቻ ናት፣ ወደ ውስጥ ትዘልቃለች፣ ውሃ ትይዛለች፣ በጥናትም የተረጋገጠች ናት፣ ዋጋዋም ምንም አይደል። ከማሪን ኮላጅኑ ክሬም ጀርባ ያለውን ጽሁፍ ብታነቡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ግሊሰሪኗ ከኮላጅኑ ቀድማ ትጻፋለች።

የጀርባውን ጽሁፍ ማንበብ ራሱ ትንሽ ዘዴ አለው። አውሮፓና አሜሪካ ህጉ ግብዓቶች ከብዙ ወደ ትንሽ ተደርድረው እንዲጻፉ ያዛል፣ ከ1 በመቶ በታች ያሉትን ግን አምራቹ እንደፈለገ መደርደር ይችላል። ስለዚህ "ሃይድሮላይዝድ ኮላጅን" ከሽቶውና ከማቆያው ኬሚካል አጠገብ መጨረሻ ላይ ካገኛችሁት፣ ለስሙ ያህል ጠብ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። "ሶሉብል ኮላጅን" የሚል ካያችሁ ደግሞ ያ ያልተቆራረጠው ነው። ፊት ለፊቱ ያለውን አማርኛ ወይ እንግሊዝኛ ደሞ በጥንቃቄ ስሙት፣ "መሸብሸብን ይቀንሳል" አይልም፣ "የመሸብሸብን ገጽታ ይቀንሳል" ነው የሚለው። "ገጽታ" የምትለዋ ቃል ዝም ብላ አልገባችም፣ አሜሪካ ውስጥ አንድ ምርት የሰውነትን አሰራር እቀይራለሁ ካለ በህጉ መድሃኒት ይሆናል፣ መድሃኒት ከሆነ ደግሞ ማስረጃ ይጠየቃል። ጠበቃ ያነበበው ጽሁፍ ነው ማለት ነው። ቲክቶክ ላይ ያለው ሻጭ ግን ጠበቃ የለውም፣ "በ7 ቀን ኮላጅን ይተካል" ይላችኋል።

ሌላ የሚያናድደኝ ማደናገሪያ፣ የቁስል ፎቶ ይዘው ክሬም መሸጥ። ብራዚል ፎርታሌዛ ውስጥ ሐኪሞች በጸዳ የቲላፒያ ቆዳ የተቃጠለ ሰው ሸፍነው ያክማሉ፣ እውነት ነው፣ እኛ ለአባ ኮዳ የምንወረውረው ቆዳ። አይስላንድ ውስጥም የኮድ ቆዳ ለቁስል ማከሚያ የሚያዘጋጀው ኬሬሲስ የሚባል ድርጅት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ፈቃድ ሰጠችው፣ በ2023 ደግሞ ኮሎፕላስት የሚባል የዴንማርክ ድርጅት እስከ 1.3 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ዋጋ ለመግዛት ተስማማ። ግን እዛ ጋ ግንቡ የለም፣ ቆዳው ተቃጥሏል ወይ ቆስሏል፣ የአሳው ቆዳ ሙሉውን ተለጥፎ ሴሎች የሚሳቡበት መሰላል ይሆናል። ከዛ ተነስቶ "አያችሁ አሳ ቆዳ ይጠግናል" ብሎ ለጤነኛ ፊት ክሬም መሸጥ ሌላ ነገር ነው።

የሚጠጣውን በፍጥነት ልለፈው ምክንያቱም ሌላ ርዕስ ነው። ሆድ ገብቶ ይፈጫል፣ አንዳንድ ትንንሽ ቁራጮች ደም ውስጥ እንደሚገቡ ታይቷል፣ የቆዳ እርጥበትና የመለጠጥ አቅም ጨመረ የሚሉ ጥናቶችም አሉ። ግን እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ 23 ሙከራዎችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ፣ የድርጅት ገንዘብ የሌለባቸውን ለይቶ ሲያይ ለውጡን አላገኘውም። ጾም ላይ ይጠጣል አይጠጣም የሚለውን ደግሞ አሳ ይበላል አይበላም ላይ ገና ስላልተስማማን ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ።

የራሳችሁን ኮላጅን የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ፣ የሚበላው ምን እንደሆነ ማወቅ ከክሬሙ ይበልጣል። ፀሀይ አንደኛዋ ናት፣ አልትራቫዮሌቱ ቆዳ ውስጥ ኮላጅን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን ይቀሰቅሳል፣ ጥቁር ቆዳ በሜላኒኑ ይከላከላል ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ስለዚህ ሰንስክሪን። ሲጋራ። ሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አምስት አመታት የቆዳ ኮላጅን እስከ 30 በመቶ ሊወርድ ይችላል። እኛ ጋ በጣም መነገር ያለበት ግን ስቴሮይድ ነው፣ ለማቅላት ተብለው የሚሸጡት ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያለባቸው ቅባቶች። እነሱ ፋይብሮብላስቶቹ ኮላጅን እንዳይሰሩ ያደርጋሉ፣ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ስሩ ይታያል፣ መስመር ያወጣል። ማታ የማቅያ ቅባት ጠዋት የኮላጅን ክሬም የሚቀባ ሰው በአንድ በር እያስወጣ በሌላው በር ላይ ቀለም እየቀባ ነው። ኮላጅን እንዲጨምር የሚያደርግ ነገር ከተፈለገ ደግሞ ጥሩ ማስረጃ ያለው ትሬቲኖይን (የቫይታሚን ኤ ዘር የሆነ መድሃኒት) እና ዘመዶቹ ናቸው፣ እሱን የቆዳ ሐኪም ጠይቆ ነው፣ እርጉዝ ከሆናችሁ አይሆንም።

አሁን የአለርጂው ነገር። አሳ የማይስማማው ሰው አለ፣ አብዛኛው አለርጂው ፓርቫልቡሚን ለሚባል የአሳ ስጋ ፕሮቲን ነው፣ በደንብ የተጣራ ኮላጅን ላይ እሱ ሊጠፋ ይችላል፣ ግን ለአሳ ኮላጅን ለራሱ አለርጂ የሆኑ ሰዎችም አሉ። "ተቆራርጧል፣ አይገባም፣ ምን ያደርገኛል" እንዳትሉ ደግሞ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ጃፓን ውስጥ የተቆራረጠ የስንዴ ፕሮቲን ያለበት የፊት ሳሙና በሰፊው ይሸጥ ነበር፣ ከ2,000 በላይ ሰዎች በፊትና በአይን በኩል ቀስ በቀስ ሰውነታቸው ስንዴን እንደ ጠላት ማየት ለመደ፣ ከዛ በፊት በሰላም ይበሉት የነበረውን ዳቦና ፓስታ ሲበሉ ያብጣሉ፣ ራሳቸውን የሚስቱም ነበሩ። አሳ አይደለም ስንዴ ነው፣ ግን ቆዳ ላይ የሚቀባ ፕሮቲን ከምንም እንደማይቆጠር ማሰብ ስህተት እንደሆነ ያሳያል። አሳ በልታችሁ ከንፈር ማበጥ ወይ ሽፍታ ካላችሁ ይሄንን ክሬም ተዉት። የሌላችሁም ብትሆኑ መጀመሪያ ክንዳችሁ ውስጠኛው ላይ ትንሽ ቀብታችሁ ሁለት ቀን እዩት፣ የቆሰለ ወይ ኤክዚማ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ አትቀቡ፣ እዛ ጋ ግንቡ ክፍት ነው።